የጉሜ አምባ አይጦች እናት

ድምፄ ትንሽ ነው። ገበያ ሄጄ «ይህ ስንት ነው?» ስል ሻጩ አይሰማኝም፤ ልድገመው እልና ያሳፍረኛል፣ ትቼው እሄዳለሁ። ይህን ታሪክ በአፌ ልንገራችሁ ብል ግማሹ ነፋስ ላይ ይቀራል። ወረቀት ግን «ጮክ በይ» አይልም። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩምና ያጎደልኩት ካለ እናንተ ሙሉልኝ።

ነገሩ የሆነው የሚሌኒየሙ በዓል ባለፈ በዓመቱ፣ በመስከረም፣ በሦስት ቀን ውስጥ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ጓሳ በር በምትባለው መንደራችን እኖር ነበር። መንደራችን መንዝ አልቆ ገደሉ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ናት። አፋፉ ላይ ቆማችሁ ወደ መርሐቤቴ ስትመለከቱ፣ ሸለቆው መሃል ብቻውን የቆመ ተራራ ታያላችሁ። አናቱ እንደ አውድማ ሜዳ፣ ጎኑ ሁሉ ገደል ነው። ጉሜ አምባ ይባላል። መስከረም ሲጠባ ጧት ጧት ሸለቆው በጉም ይሞላና አምባው ከነቤተ ክርስቲያኑ ጉሙ ላይ ተንሳፍፎ ይታያል። ልጅ ሳለሁ ጉሙ ሲንቀሳቀስ የሚሄደው አምባው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ተነስተን ብናጣውስ? እያልኩ እሰጋ ነበር።

አምባው ላይ ማርያም አለች። ጥቂት መነኮሳትም ይኖራሉ፤ እህላቸው ከታች ይወጣላቸዋል። እዚያ አይጥ አልነበረም። ቦታውን የመሠረቱት አባት «የሚቆረጥም ጥርስ ወደ ብራናዎቹ አይውጣ» ብለው ገዝተዋል ይባላል። ለዚህም ሥርዓት አበጅተዋል። መውጫው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ መነሻው ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ማራገፊያ እንለዋለን። እህል የያዘ ሰው እህሉን ድንጋዩ ላይ ያፈሳል፣ በጣቱ እየበተነ ያያል፣ ስልቻውን ገልብጦ ሦስት ጊዜ ያራግፋል፣ ከዚያ መልሶ ይሞላል። ያልተሸከመም ጋቢውን ነጠላውን ያራግፋል። ማንም ቢሆን ሳያራግፍ አይወጣም።

የድንጋዩ ጠባቂ አባባ ድንቁ ነበሩ፤ ሥራውን ከአባታቸው ነው የወረሱት። «አራግፉ!» ሲሉ ድምፃቸው ገደሉን መትቶ ይመለስ ነበር። «ሰው ሆዱን ማራገፍ ቢችል እሱንም አስራግፈው ነበር» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ የበልጉን ገብስ በረዶ መታው። መስከረም ሃያ አንድ ለማርያም ክብረ በዓል የስለታችንን ገብስ ማድረስ ነበረብን። እናቴ ታማ ስለተኛች እኔን ላከችኝ። ስልቻዬ ውስጥ የነበረው ግማሹ እንክርዳድ ነው። ተሰልፌ ሳይ፣ ከፊቴ ያለችው ሴት ገብሷን ስታፈሰው ነጭ፣ ድብልብል፣ እንደ ጨሌ የሚንከባለል ነበር። ሰው ሁሉ «እሰይ! እሰይ!» አለ። ቀጥሎ እኔ ነኝ። የኛ እንክርዳድ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ሊፈስ ነው። ፊቴ ነደደ። በዚያች ቅጽበት ጉም መጣና ሰልፉን ሸፈነው። ከድንጋዩ ኋላ ዞሬ ሳላራግፍ ወጣሁ።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ስልቻው ውስጥ፣ ጀርባዬ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቆምኩ። ዝም አለ። «ገብሱ ነው የተንሸራተተው» ብዬ ራሴን አሳመንኩና ወጥቼ ጎተራው ውስጥ ገለበጥኩት።

በዓመቱ አምባው ላይ አይጥ ታየ። ቤተ ክርስቲያኑ የሣር ክዳኑን ጥሎ ቆርቆሮ በለበሰ ማግሥት ነበርና ሰው ደስታውን ሳይጨርስ ትልቁ ብራና ዳር ዳሩን ተቆርጥሞ ተገኘ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የደብሩ መሪጌታ «ጠባቂው አንቀላፍቷል» አሉ። አባባ ድንቁም «አላንቀላፋሁም» አላሉም። ከሥራቸው ተነሱ። ሥርዓቱም ቀረ። «ከገባ ወዲያ ምኑ ይራገፋል?» ተባለ። እሳቸው ግን በየበዓሉ እዚያው ድንጋዩ አጠገብ እየመጡ ይቀመጡ ነበር። ሰው እህሉን እንደተሸከመ አልፏቸው ይወጣል። ሰባት ዓመት ሙሉ እኔም እያቀረቀርኩ አልፌያቸዋለሁ።

እንግዲህ ያኔ የነበርኩት ሴት ይህች ናት።

መስከረም አሥራ ዘጠኝ ቀን ትዕግሥት የምትባል ወጣት ሴት የወረዳ ደብዳቤ ይዛ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ደጃችን መጣች። ከአዲስ አበባ፣ ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣችው። በጀርባዋ ከቆርቆሮ የተሠሩ ትንንሽ ሳጥኖች ተሸክማለች፤ ስትራመድ ይንቀጫቀጫሉ።

«የሺ ማለት ይቺ ናት» አላት ሊቀመንበሩ። «ጽሕፈቷ የመሪጌታ ጽሕፈት ነው። አፍ ብቻ የላትም።»

«አፍ ያለው ሞልቷል» አለች ትዕግሥት። «እኔ የምፈልገው ጽሕፈት ነው። ሦስት ቀን አይጥ ታስይዢኛለሽ?»

ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው ነበር። «አይጥ ፍለጋ ከአዲስ አበባ! እዚያ አልቆባችሁ ነው?» አለ አንዱ። ሌላዋ ተቀበለች፤ «የኛን ቤት ጨርሰሽ ብትወስጂልን እንመርቅሻለን!» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ሳጥኖቹን በየቤቱ ስናስቀምጥ አይጦቹን ለምን እንደምትፈልጋቸው ነገረችኝ። በቅቤ የታሸ በሶ እያድበለበልኩ እሰጣታለሁ፣ እሷ ሳጥኑ ውስጥ እያስገባች ታወራለች።

«መምህሬ ባሕር መሃል ያሉ ደሴቶችን ነው የሚያጠናው» አለችኝ። «አይጥ ባሕር አታቋርጥም። እህል ውስጥ፣ ድርቆሽ ውስጥ ተደብቃ ሰው ነው በመርከብ የሚያሻግራት። አንዲት እርጉዝ አይጥ ከገባች ደሴቱ ይሞላል። የደሴቱን አይጦች ከየብስ አይጦች ጋር ስናስተያይ፣ እናታቸው ከየት አገር እንደተነሳች እንደርስበታለን።»

«በምን?» አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

«ዲኤንኤ ይባላል። ሰውነታችን ውስጥ የተጻፈ ጽሑፍ በዪው። ከዚያ ውስጥ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ እየተላለፈ የሚወርድ አለ። አያቷ ሞታ፣ ቅድመ አያቷ ሞታ፣ ጽሑፉ አይሞትም። እኔ ባሕር የለኝም፤ ግን ጉሜ አምባ አለኝ። በገደል የተከበበም ደሴት ነው። ከዘመሮ መንደሮችና ከመርሐቤቴ በኩል አይጦች ሰብስቤያለሁ፤ የቀሩኝ ያንቺ መንደርና አምባው ናቸው። ያኔ የአምባው አይጦች እናት ከየት መንደር እንደተነሳች እናውቃለን።»

የማድበለብለው በሶ ከእጄ ወደቀ።

በማግሥቱ ጧት ሳጥኖቹን ስንከፍት እኛ ቤት ባስቀመጥነው ውስጥ አንዲት ግራጫ አይጥ ነበረች። ትዕግሥት በጓንት ይዛ ከጭራዋ ጫፍ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቆረጠችና አልኮል ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጣለቻት። አይጧን ለቀቀቻት። «ጻፊ፤ የመንደሩን ስም፣ ቀኑን» ብላ ወደ ሌላው ሳጥን ዞረች።

እርሳሱን ያዝኩ። እጄ ላይ ያለችው ብልቃጥ ስምንት ዓመት ሙሉ የደበቅኩትን ልትናገር ነው። ትንሿ ድምፄ ያልተናገረችውን አንዲት የጭራ ጫፍ ልትጮኸው ነው። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ «ዘመሮ» ብዬ ጻፍኩ።

የዚያኑ ቀን ወደ አምባው ተነሳን። ገደሉን ስንወርድ ጉሙ ከታች ወደ ላይ እየመጣ ተቀበለን። መጀመሪያ እግሬ ጠፋ፣ ቀጥሎ ትዕግሥት ጠፋች፤ የሳጥኖቿ ድምፅ ብቻ ከፊቴ ይሄዳል። የምራመደው መሬት ላይ ይሁን እንቅልፌ ውስጥ አላውቅም ነበር። እንዲህ ስንሄድ ድንጋዩ ከነጩ ውስጥ እንደ ጥቁር በሬ ብቅ አለ። አባባ ድንቁም አጠገቡ ነበሩ።

«ይህ ድንጋይ ምንድን ነው አባባ?» አለች ትዕግሥት።

«ድሮ የሚራገፍበት ነበር ልጄ።»

ሥርዓቱን ከላይ እስከ ታች ነገሯት። ሰምታ ስትጨርስ ቦርሳዋን አወረደችና ያላትን ሁሉ ድንጋዩ ላይ ዘረገፈችው። ሳጥኖቹ፣ ደብተሯ፣ ቀይ ካልሲዋ፣ የተቆረሰ ዳቦ፣ ብልቃጦቹ ተዘረጉ። የኔዋም መሃላቸው አለች። አባባ ድንቁ ባዶውን ቦርሳ ተቀበሏት። ገለበጡትና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አራገፉት። አንድ የስንዴ ፍሬ ወደቀ። ጎንበስ ብለው አዩትና በጥፍራቸው ገፉት።

«ይህን ሥርዓት በዓለም ያሉ ደሴቶች ዛሬ ነው የጀመሩት!» አለች ትዕግሥት። «ጫማ ሳይቀር እያስራገፉ ነው የሚያስገቡት። እርስዎ ግን ከአባትዎ ወርሰውታል! ለምን ተዉት?»

«እኔማ ጠባቂ አይደለሁም። አይጧ በኔ ዘመን ነው የገባችው።» ከዚያ ወደኔ ሳያዩ «ልጄ፣ ነጠላሽን አራግፊ» አሉኝ። አራገፍኩ። ዓይኔ ግን ከድንጋዩ አልተነሳም።

ላይ ስንደርስ ጎተራውን የሚጠብቁት መነኩሲት፣ እማሆይ ጥሩ፣ ተቀበሉን። ብልቃጦቹን አንስተው አሸተቱ። «በአረቄ ነው የምትዘፈዝፊያቸው? የኛ አይጦች በገዳም ያደጉ ናቸው፤ አታስክሪብን!» አሉ። ሳጥኖቹን ጎተራው ዙሪያ ደረደርን።

በማግሥቱ መስከረም ሃያ አንድ ነበር። ገና ሲነጋ ወጣሁ። ጉሙ ከአምባው በታች ተኝቶ፣ ፀሐይዋ ከጉሙ ውስጥ እየወጣች ነበር። ከሩቅ የኛ አፋፍ ሌላ ደሴት መስሎ ይታያል። ልጅ ሳለሁ እፈራው የነበረው የደረሰ መሰለኝ፤ አምባው ሄዷል፣ እኔም አብሬው ሄጃለሁ።

ሳጥኖቹ ብዙዎቹ አይጥ ገብቶባቸው ተዘግተዋል። ትዕግሥት አንዷን አይጥ በጓንት እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልቧ በጣቶቼ መሃል እንደ ወንፊት ትንቀጠቀጣለች። ዓይኖቿ ጥቁር፣ ያልተቆጡ ናቸው። አየኋት፤ አየችኝ።

«ስሟን በደንብ ጻፊላት» አለች ትዕግሥት። «አይጥ ተሳስታችኋል ብላ አታርመንም። አንዷ ብልቃጥ ላይ የውሸት ስም ከተጻፈ የሁለት ዓመት ሥራዬ ውሸት ይሆናል፤ እኔም ሳላውቅ ለሰው ሁሉ ውሸት አስተምራለሁ።»

«ዘመሮ አይደለችም» አልኩ።

«እ?»

ይህች «እ?» ነበረች ሁልጊዜ የምታባርረኝ። እንደ ገበያው ትቼው ልሄድ ፈለግኩ። ነገር ግን እጄ ላይ አይጥ ነበረችና የምሄድበት አልነበረኝም።

«ከኛ ቤት የተያዘችው። ዘመሮ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጓሳ በር ናት።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ በረዶውን፣ እንክርዳዱን፣ ጀርባዬ ላይ የተንቀሳቀሰውን። ትዕግሥት ፊቷን ወደ ቦርሳዋ አዞረች። ብልቃጧን ፈልጋ አወጣችና ጽሑፉን ልጣ እርሳሱን ሰጠችኝ። በቀረው እጄ አስተካክዬ ጻፍኩ።

«ተቆጣሽ?» አልኳት።

«ለትንሽ ጊዜ። አለፈልኝ። ግን የሺ፣ አንቺ ነሽ ያስገባሻት ማለት አይደለም እኮ። ገና አልተመረመረም። ውጤቱ እስኪመጣ ለማንም አትንገሪ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ወራት። ምናልባት እስከ ክረምት።»

እስከ ክረምት። አባባ ድንቁ ባዶውን ቦርሳ ሲያራግፉ፣ አንዷን የስንዴ ፍሬ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ታየኝ። አይጧን መሬት ላይ ለቀቅኳትና መውረድ ጀመርኩ።

ሰው ሁሉ ለበዓሉ ይወጣል፣ እኔ እወርዳለሁ። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ድምፅ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሰው። «ኧረ ይቺ ልጅ፣ በዓሉ ወዲያ ነው!» ይሉኛል።  የምናገረው እንዳይፈስ የያዝኩት ውኃ ይመስል ቀስ ብዬ ወረድኩ።

አባባ ድንቁ እዚያው ነበሩ። ፊታቸው ተንበረከክኩ።

«አባባ፣ ያን ዓመት ሳላራግፍ የወጣሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

የሰማሁትን አላመንኩም።

«ጉሙ ወገብሽን እንጂ እግርሽን አልሸፈነውም። ያቺን ቀጭን እግርሽን አየኋት። ጥሪያት ጥሪያት አለኝ። ስልቻሽ ደግሞ እንዴት እንደሞላ አይቻለሁ፤ በረዶ የመታው ገብስ ስልቻ ውስጥ አቀማመጡ ያስታውቃል። አንዲት ቀን ትለፍ አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ሥራዎን ሲነሱዎት?»

«ጠባቂው ማነው? እኔ ነኝ። አይቼ ያሳለፍኩ እኔ ነኝ። አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ፤ የአንዲት ልጅ ስም ከሚጠፋ የአንድ ሽማግሌ ቢጠፋ ይሻላል።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ደግሞም አንቺ ዝም ብለሽ የምታልፊኝ ሁልጊዜ በጣም ቀስ ብለሽ ነበር። ይቺ ልጅ አንድ ቀን ትቆማለች እል ነበር።»

አለቀስኩ። አሁንም ሰው እየመጣ ነው። የመሪጌታው ጥቁር ጃንጥላ ከጉሙ ወጣ። ከኋላቸው ብዙ ሰው፣ እናቴም ስልቻዋን ተሸክማ። ሁሉም ድንጋዩን ሊያልፉ ነው።

«አራግፉ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። መሪጌታው አለፉኝ። ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ ከኔ በታች ሆነ።

«አራግፉ!»

ገደሉ መልሶ አለው። የኔ ድምፅ አልመሰለኝም። ሰልፉ ቆመ።

«ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ!» አለች አንዲት ሴት፣ ሰው ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩና ተናገርኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ በእንክርዳዳችን አፍሬ ሳላራግፍ መውጣቴን፣ አባባ ድንቁ እንዳላንቀላፉ፣ ስሜን ሸፍነው ስማቸውን እንደሰጡ ተናገርኩ። ብዙ አልነበረም። ስጨርስ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

 መሪጌታው ጃንጥላቸውን እንደያዙ መሬት መሬት ያያሉ። ያኔ እናቴ ከሰው መሃል ወጣች። ወደኔ አላየችም። ስልቻዋን አወረደችና ገብሷን ድንጋዩ ላይ፣ አጠገቤ አፈሰሰችው።

«ይኸው» አለች ጮክ ብላ። «ዘንድሮም እንክርዳድ አለበት። ማርያም ስታውቀው የኖረችውን እናንተም እወቁት።»

ስልቻውን ገልብጣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አራገፈች። መሪጌታው ጃንጥላቸውን ዘጉ። ጋቢያቸውን አወለቁና ወደ አባባ ድንቁ ዞረው አራገፉ። «ይፍቱኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ከኔ ያነሰ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም እየተሰለፈ አፈሰሰ። በብዙ ሰው ገብስ ውስጥ እንክርዳድ ነበረ።

ሰኔ ሲገባ ትዕግሥት ተመልሳ መጣች። ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጠን አባባ ድንቁም ባሉበት ነገረችን። የጓሳ በር አይጦች የአምባው አይጦች እናቶች አይደሉም። የአምባው አይጦች ጽሑፍ የሚገጥመው ከመርሐቤቴ በኩል ካሉት ጋር ነው። እንዴት ሊሆን ቻለ? ብለን ወጥተን እማሆይን ስንጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ያዙ። ቆርቆሮው ሲለበስ ምስማሩና መስታወቱ በጭድ ተጠቅልሎ በመርሐቤቴ በኩል ካለው ገደል በገመድ ተጎትቶ ነበር የወጣው። ድንጋዩን አላየውም። እኛ በሩን ስንጠብቅ አይጧ በመስኮት ገብታለች።

 አባባ ድንቁ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«በይ የሺ፣ እኔና አንቺ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው አይጥ ስንቀልብ ኖርንና!»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት «ያልሠራሽውን ተናዘዝሽ» ትሉኝ ይሆናል። እኔም አስቤበታለሁ። አይጧን አላስገባሁም፤ ሳላራግፍ ግን ወጥቻለሁ፣ ሌላ ሰው ሲወቀስልኝም ዝም ብያለሁ። ይህን ብልቃጥ አያወጣውም። ትዕግሥት እንዳለችኝ ውጤቱን ጠብቄ ቢሆን ኖሮ ነጻ እወጣ ነበር፤ ነጻ ወጥቼም ዝም እንዳልኩ እቀር ነበር። ሳይንሱ መልካም ነው፤ የአባባ ድንቁን ስም ሙሉ በሙሉ ያጠራው እሱ ነው። እኔ ግን እሱ ሳይደርስ መናገሬ ደስ ይለኛል።

ያን ቀን ጀርባዬ ላይ የተንቀሳቀሰው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንድ ጧት ጉሙ ሲሞላ ይሰማኛል።

አምባው ላይ አይጦቹ አሁንም አሉ፤ ብራናዎቹ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ገብተዋል። ሥርዓቱ ግን ተመልሷል፤ ገመዱም ሳይቀር ድንጋዩ ላይ ይራገፋል። አባባ ድንቁ ዓይናቸው ስለደከመ በየበዓሉ አጠገባቸው የምቆመው እኔ ነኝ። ገበያ ውስጥ ዛሬም ሻጮች አይሰሙኝም። ድንጋዩ ላይ ስቆም ግን «አራግፉ!» እላለሁ፤ ድምፄ ያልደረሰ እንደሆነ አባባ ድንቁ በዱላቸው ድንጋዩን ይመቱልኛል።

አንዲት ልጅ ስልቻዋን አቅፋ ከሰልፉ ስትሸሽ ካየሁ ግን አልጮህም። ወርጄ እጇን እይዛታለሁ፤ መጀመሪያ የኔን ገብስ አፈስላታለሁ።